«ያለፉት ወሊዶችሽ ላይ ችግር ነበረ?» «ምንም»

ሦስተኛ ልጄን አርግዤ ለመጀመሪያ ክትትል ጤና ጣቢያ የሄድኩ ቀን ነርሷ ካርድ እየሞላች ጠየቀችኝ። «ያለፉት ወሊዶችሽ ላይ ችግር ነበረ?»

«ምንም» አልኳት።

አልዋሸሁም። ለኔ ችግር ማለት ልጅ መሞት ነው፤ ወይ ደግሞ ኦፕራሲዮን። ሁለቱም ሴት ልጆቼ በምጥ ተወልደው ሰፈር ውስጥ እየሮጡ ነው። ታዲያ ምን ልበላት?

አሁን ሳስበው መመለስ የነበረብኝ እንዲህ ነበር። ሁለተኛዋን የወለድኩ ዕለት ማታ ሽንት ቤት ልሄድ ስነሳ በእግሮቼ መሀል ደም እንደ ውሃ ወረደ። የኮሪደሩን ግድግዳ ይዤ ተንሸራተትኩ። ስነቃ አልጋ ላይ ነኝ፤ ክንዴ ላይ ግሉኮስ ተሰክቷል፤ አንዲት አዋላጅ ሆዴን ትጫናለች። ከዚያ ቆመ። በማግስቱ ቤቴ ገባሁ። ለሁለት ሳምንት ከተቀመጥኩበት በተነሳሁ ቁጥር ቤቱ ይዞርብኝ ነበር። «አራስ ናት፣ ገንፎ ትብላ» ተባለ። በላሁ። ተረሳ። ምን እንደሆንኩ የነገረኝም፣ ወረቀት ጽፎ የሰጠኝም የለም። እኔም አልጠየቅኩም።

ይህን የምጽፈው በዚያች «ምንም» ምክንያት ነው።

እርግዝናው ራሱ ደህና ነበር ማለት ይቻላል። በአራተኛው ወር ደሜ ሲመረመር ሄሞግሎቢኔ 9.8 ሆነ። ለነፍሰ ጡር ከ11 በታች ከሆነ ደም ማነስ ነው። የአይረን ኪኒን ሰጡኝ። እውነቱን ልናገር፤ አንድ ወር ያህል ዋጥኩት፣ ከዚያ ተውኩት። ሆድ ያደርቃል። ሰገራ ያጠቁራል፤ መጀመሪያ ሳየው ደንግጬ ነበር። አፌን ሚስማር የላስኩ ያህል ይመረኛል። የዋጥኩትንም ቢሆን ጠዋት ጠዋት በቡና ነበር የማወራርደው። ቡናና ሻይ አይረኑ ሰውነት ውስጥ እንዳይገባ እንደሚይዙት የሰማሁት ካለፈ በኋላ ነው። ኪኒኑንና ቡናውን ቢያንስ በአንድ ሁለት ሰዓት ማራራቅ ነበረብኝ። ብርቱካን ግን ያግዘዋል። ይህን ማንም አልነገረኝም ልበል? ነግረውኝ ይሆናል። ያን ቀን ሰልፉ ረጅም ነበር፣ እኔም ልቤ ታክሲው ላይ ነበር።

ደም ማነስ ያለባት ሴት ስትደማ ከጎደለ እንስራ እንደ መቅዳት ነው። ሌላዋ የምትቋቋመው መጠን እሷን ይጥላታል።

ምጤ የጀመረው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው፤ ክረምት ገና እየገባ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ። ያለቀው ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ነው። 19 ሰዓት። መሀል ላይ ምጡ ስለደከመ በግሉኮስ የምጥ መርፌ ጨመሩልኝ። ወንድ ልጅ፣ 4.2 ኪሎ። ወዲያው ጭኔ ላይ መርፌ ወጉኝ። የእንግዴ ልጁም ብዙ ሳይቆይ ወጣ። አዋላጇ መብራት ስር ይዛ ገለባበጠችውና «ሙሉ ነው» አለች። ከበሩ ውጭ አማቴ እልል አሉ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» አሉኝ ሲገቡ፤ ከፔርሙዙ አጥሚት ቀዱልኝ። በቃ፣ አለቀ ብዬ ነበር።

ወደ አራሶች ክፍል ከተዛወርኩ በኋላ ከስሬ ሲሞቀኝ ተሰማኝ። ሞዴሱ ሞልቷል። ቀየርኩ። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላው ሁለተኛውም ሞላ። አማቴን በሹክሹክታ ነገርኳቸው።

«የቆየ ደም ነው ልጄ፣ ይውጣ። ካልወጣ ነው የሚጎዳሽ።»

አልወቅሳቸውም። ሰባት ልጅ ቤታቸው ወልደዋል፣ ያዩትን ነው የነገሩኝ። የኔ ጥፋት ይሉኝታዬ ነው። ተረኛዋ አዋላጅ አንድ ናት ማለት ይቻላል፤ ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ደግሞ ሌላ ሴት እየጮኸች ነው። ምጥ ላይ ያለች ሴት እያለች «ሞዴሴ ሞላ» ብዬ ሰው ልጥራ? አፈርኩ። የተኛሁበትን አንሶላ አበላሽቼ ይቆጡኝ ይሆን ብዬም ሰጋሁ። እየደማች ያለች ሴት የምትጨነቀው ለአንሶላው!

ከዚያ ውሃ ጠማኝ። እንደዚያ ዓይነት ጥም አይቼ አላውቅም። አጥሚቱን ጨርሼ ውሃ፣ ውሃውን ጨርሼ ሌላ ውሃ። ጋቢ ደርበውልኝ በረደኝ፤ ግንባሬ ላይ ግን ላብ አለ። አዛጋኝ፣ ደጋግሞ አዛጋኝ። ልቤ ይሮጣል። የአማቴ ድምፅ ከጎረቤት ቤት የሚመጣ መሰለኝ። አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ ምንም አያምም። እንቅልፍ እንደሚወስደው ሰው ቀለል ይላል። ሕመም ቢኖረው ኖሮ እጮህ ነበር።

ያተረፈችኝ ለልምምድ የመጣች ተማሪ ናት። ግፊት ልትለካ መጣች፤ መለኪያውን ክንዴ ላይ ሁለቴ ጠመጠመችው፣ ሁለቴም አላመነችውም። ከዚያ ጋቢውን ገለጥ አደረገችው። «ሲስተር!» ብላ የጮኸችው ጩኸት አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

አዋላጇ ሮጣ መጥታ መጀመሪያ እጇን የጫነችው ሆዴ ላይ ነው፣ ከእምብርቴ አካባቢ። በኋላ እንደነገረችኝ፣ ከወሊድ በኋላ እዚያ ቦታ ላይ እንደ ኳስ የጠነከረ ነገር መገኘት አለበት። የኔው እንደ ቦካ ሊጥ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእርግዝና መጨረሻ ላይ በደቂቃ ከግማሽ ሊትር በላይ ደም በማህፀን በኩል ያልፋል። የእንግዴ ልጁ ሲላቀቅ እነዚያ የደም ሥሮች አፋቸውን ከፍተው ይቀራሉ። የሚዘጋቸው ክር አይደለም፣ መድኃኒትም አይደለም፤ የማህፀን ጡንቻ ራሱ ተኮማትሮ አንቆ ይይዛቸዋል። ጡንቻው ከደከመና ከላላ ቧንቧው ክፍት ነው። ከወሊድ በኋላ ከሚከሰቱት ከባድ መድማቶች አብዛኞቹ፣ ከአሥሩ ሰባት ያህሉ፣ ከዚህ የሚመጡ ናቸው። ማህፀኑ ጠንክሮ ደሙ ካልቆመ ደግሞ ሌላ ነገር ይፈለጋል፤ የተቀደደ ቦታ፣ ውስጥ የቀረ የእንግዴ ልጅ ቁራጭ፣ ወይም ደሙ ራሱ አልረጋ ማለቱ።

ሆዴን ማሸት ጀመረች። ማሸት ስላችሁ የማሳጅ እንዳይመስላችሁ። ከምጡ የባሰ ነበር። ተማሪዋ ካቴተር፣ ማለት የሽንት ቱቦ፣ አስገባች፤ የወጣው ሽንት ትልቅ ጎድጓዳ ሳህን ይሞላል። ከወለድኩ ጀምሮ ሽንቴን አልሸናሁም ነበር፤ የሚያቃጥለኝ መስሎኝ ፈርቼ። የሞላ ፊኛ ማህፀንን ወደ ላይ ገፍቶ እንዳይኮማተር ያደርገዋል። ይህን ባውቅ ኖሮ እያቃጠለኝም ቢሆን እሸና ነበር።

በሁለቱም ክንዴ ግሉኮስ፣ በውስጡ ማህፀን የሚያኮማትረው ኦክሲቶሲን። ምላሴ ስር ለዚያው የሚሆኑ ኪኒኖች፣ ሚሶፕሮስቶል የሚባለው፤ ጠመኔ ጠመኔ ይላል፣ ከዚያ ደግሞ ያንቀጠቅጣል። በደም ሥሬ ትራኔክሳሚክ አሲድ፤ ይህኛው የረጋው ደም ቶሎ እንዳይሟሟ የሚያደርግ ነው፣ ከወሊድ በኋላ በ3 ሰዓት ውስጥ ካልተሰጠ ጥቅም የለውም። ደሙ ቀነሰ እንጂ አልቆመም። አዋላጇ አንድ እጇን ከውስጥ ጨብጣ፣ በሌላው ከላይ ተጭና ማህፀኔን በሁለት እጇ መሀል አጣብቃ ያዘች። «ሰባ በአርባ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ግፊቴ ነው።

አምቡላንስ እስኪመጣ እግሬንና ሆዴን በጥቁር፣ ወፍራም፣ እየተጠመጠመ በሚጣበቅ ልብስ ጠቀለሉኝ። ሲያዩት የጠላቂ ዋናተኛ ሱሪ ይመስላል። ደሙን ከእግር ወደ ልብና ወደ ጭንቅላት ይገፋዋል፤ ጊዜ ይገዛል። እሱን ለብሼ፣ አዋላጇ አጠገቤ ተቀምጣ ሄድን። አማቴ ልጁን ታቅፈው በሩ ላይ ቆመው ነበር። እልልታው የለም፤ «ማርያም፣ ማርያም» ብቻ።

መጀመሪያ የደረስንበት ሆስፒታል ደም የለም ብሎ መለሰን። ስለሱ ብዙ አልልም፣ ንዴቴ ገና አልበረደም። ሁለተኛው ተቀበለን።

እዚያ የሆነውን ባለቤቴ እስካሁን እየሳቀ ነው የሚያወራው፤ ያኔ ግን አልሳቀም። ሐኪሟ ብቅ ብላ «ሩጥ፣ ኮንዶም ይዘህ ና» ትለዋለች። የሰማውን አላመነም። «ምን?» «ኮንዶም። ቶሎ በል!» ተረኛው ፋርማሲ ሄዶ፣ ሸሚዙ ላይ የኔ ደም እያለ፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ኮንዶም ስጡኝ አለ። ሻጩ እንዴት እንዳየው አስቡት።

ኮንዶሙን ካቴተር ጫፍ ላይ በክር ያስሩታል፤ ማህፀን ውስጥ አስገብተው በንጹህ የጨው ውሃ ይነፉታል፣ ግማሽ ሊትር ድረስ። ከውስጥ ሆኖ የደም ሥሮቹን ይጫናል። ዘዴውን ያመጡት ዶክተር ሳየባ አክተር የሚባሉ የባንግላዴሽ ሐኪም ናቸው፤ ለዚሁ ተብሎ የተሠራው የሚነፋ ፊኛ ለድሃ አገር ስለሚወደድ። እኔ ሆድ ውስጥ 24 ሰዓት ቆየ። ደሙ ቆመ።

ሦስት ከረጢት ደም ተሰጠኝ። ከፍሪጅ የወጣ ነውና በክንዴ ሲገባ ቅዝቃዜው እስከ ትከሻዬ ይሰማኝ ነበር። ሦስት የማላውቃቸው ሰዎች ሰጥተውታል። ባለቤቴ ከሦስት ወር በኋላ ሌላ ነገር ነገረኝ። ኮንዶሙ ካልያዘ ማህፀኔ እንዲወጣ ፈርሞ ነበር። «ዕድሜሽን ስንት ብዬ እንደሞላሁ እንኳ አላውቅም» አለኝ።

በማግስቱ ሐኪሟ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ጠየቀችኝ። የሁለተኛዋን ልጅ ነገር፣ የኮሪደሩን ግድግዳ፣ ግሉኮሱን ስነግራት መጻፏን አቆመች።

«ይሄን ለማን ነግረሽ ነበር?»

«ለማንም።»

አልተቆጣችም። እስክሪብቶዋን ዘግታ፣ አንዴ የደማች ሴት በሚቀጥለው ወሊድ እንደገና የመድማት ዕድሏ ከሌላው ከፍ ያለ እንደሆነ ነገረችኝ። ቀድሜ ብናገር ኖሮ ደም ባለበትና ኦፕራሲዮን በሚሠራበት ቦታ እንድወልድ ይጽፉልኝ ነበር። ምጥ ስገባም የደም ሥር ቀድሞ ይከፈትልኝ፣ ደም ይዘጋጅልኝ ነበር። ከዚያ በጣቷ ቆጠረችልኝ፤ ልጁ ትልቅ ነው፣ ማህፀኑን ለጥጦታል። ምጡ ረዝሟል፣ ጡንቻው ደክሟል። የምጥ መርፌው ለብዙ ሰዓት ተሰጥቷል። ደሜ አነስተኛ ነው። አምስተኛው ጣት ላይ ያለፈው መድማት። እጇ ሞላ።

እኔን የማይመለከቱ ሌሎችም አሉ፤ እናንተን ይመለከቱ ይሆናል። መንታ። የበዛ የሽርት ውሃ። አምስትና ከዚያ በላይ ልጅ መውለድ። ማዮማ፣ ማለት የማህፀን እጢ። የእርግዝና ደም ግፊት። በምጥ ጊዜ ትኩሳትና ኢንፌክሽን። ከሁሉም በላይ እኔን የሚያስፈራኝ የእንግዴ ልጁ ታች ማህፀን በር ላይ መቀመጡ ነው። ከዚህ በፊት በኦፕራሲዮን የወለደች ሴት ከሆነች ደግሞ የድሮው ጠባሳ ውስጥ ሥር ሰዶ ሊጣበቅ ይችላል። አልትራሳውንድ ስትታዩ «የእንግዴ ልጁ የት ነው ያለው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁላችንም የምንጠይቀው «ወንድ ነው ሴት?» ብቻ ነው።

ግን አንዱም የሌለባት ሴት ትደማለች። ይህንንም ሐኪሟ ናት ደጋግማ ያለችው። ስለዚህ የኔን አምስት ጣት ቆጥራችሁ «እኔ የለብኝም» ብላችሁ እንዳትተኙ።

መጠኑን በተመለከተ፣ በምጥ ለወለደች ሴት ግማሽ ሊትርና ከዚያ በላይ ሲፈስ ከልክ ያለፈ ይባላል። ግማሽ ሊትር ማለት ትንሹ የሃይላንድ ውሃ ነው። ነገር ግን ሞዴስ ውስጥ፣ አንሶላ ውስጥ፣ ጋቢ ስር የገባ ደም በዓይን አይለካም፤ ሁልጊዜ ትንሽ ይመስላል። የኔም «ትንሽ ነው» ተብሎ ነበር። በ2023 በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በታንዛኒያና በደቡብ አፍሪካ ሆስፒታሎች የተሠራ ጥናት ውጤት ወጥቷል። ከወላዷ ስር መጠን የተጻፈበት የፕላስቲክ መቀበያ አነጠፉ፤ ደሙ መስመሩን ሲያልፍ ማሸቱን፣ መድኃኒቱን፣ ግሉኮሱን አንድ በአንድ ሳይጠብቁ በአንድ ላይ ጀመሩ። ከባድ መድማትና ከሱ የሚመጣው ጣጣ በ60 በመቶ ቀነሰ። አዲስ መድኃኒት አልተገኘም። ለክተው ቶሎ ጀመሩ፣ ያ ነው።

ስለዚህ ከወሊድ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ቀን፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት፣ ይሉኝታ ቤት ይቅር። ካልታከመ ከባድ መድማት በሁለት ሰዓት ገደማ ሊገድል ይችላል። ከእናንተ ጋር ያለችው እህት ወይም እናት ጋቢውን እየገለጠች ትይ። ሞዴሱ አይጣል፣ ይቀመጥ፤ አዋላጇ ትየው። ሽንታችሁን ሽኑ። ልጁን ቶሎ ጡት ላይ አድርጉት፤ ሲጠባ ማህፀን ይኮማተራል፣ የሆድ ቁርጠቱም ከዚያ ነው። «ሆዴን ንኪልኝ፣ ጠንክሯል?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ጥሙ፣ ብርዱ፣ ማዛጋቱ ሲመጣ ግን አትጠይቁ፣ ጩኹ።

ከጤና ተቋም ርቃችሁ የምትኖሩ፣ ወይም እዚያ ያለች እህት ያላችሁ፣ ቀኑ ሲቃረብ የእናቶች ማቆያ ገብቶ መጠበቅ አለ። ብዙ ጤና ጣቢያዎች ግቢ ውስጥ ቤቱ አለ። ከቤት መራቅ ይከብዳል፣ ልጆች ትቶ መሄድ ይከብዳል፤ አውቃለሁ። መንገድ ላይ መድማትን ግን አይቼዋለሁ።

ቤት ከገባሁ በኋላ ያለው ጊዜም ቀላል አልነበረም። ወተቴ እስከ አምስተኛው ቀን አልመጣም። ብዙ ደም የፈሰሳት ሴት ወተት የሚያዘው የጭንቅላት እጢ ደም አጥሮት ሊጎዳ እንደሚችል፣ ወተት ጨርሶ ካልመጣና የወር አበባም ከቀረ መመርመር እንዳለብኝ ተነግሮኝ ስለነበር ሌሊት ጡቴን እየጨመቅኩ አለቅስ ነበር። መጣ። አይረኑንም ሦስት ወር ዋጥኩት፣ ቡናው ከሰዓት በኋላ ሆነ። ፍርሃቱ ነው የቆየው። ልብስ ሳጥብ ቀይ ጨርቅ ውሃ ውስጥ ካየሁ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሐኪሟ ሌላም አስጠንቅቃኝ ነበር፤ መድማት ከአንድ ቀን በኋላም፣ ከሳምንታት በኋላም ሊመጣ ይችላል። አንድ ሞዴስ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከሞላ፣ ከእንቁላል የሚበልጥ የረጋ ደም ከወጣ፣ የሚሸት ፈሳሽ ወይም ትኩሳት ካለ አራስነት አይባልም፤ መኪና ጠርቶ መሄድ ነው።

ከሆስፒታል ስወጣ የሆነው ሁሉ የተጻፈበት ወረቀት ሰጡኝ፤ ጠይቄ ነው የተሰጠኝ። ስንት እንደፈሰሰኝ፣ ምን እንደተደረገልኝ፣ የደም ዓይነቴ፣ ታችኛው መስመር ላይ «ቀጣይ ወሊድ ሆስፒታል ብቻ» ይላል። ፎቶው በኔም በባለቤቴም ስልክ አለ። ዋናው ግን አማቴ ዘንድ ነው። ማንበብ አይችሉም። በፌስታል ጠቅልለው ከመታወቂያቸው ጋር ቦርሳቸው ውስጥ ይዘውታል፣ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱም ሳይቀር። ባለፈው ወር ታናሽ እህቴ ማርገዟን ስትነግራቸው እንኳን ደስ አለሽ እንኳ ሳይሏት ቀድመው «አንቺስ፣ የደም ወረቀት አለሽ?» አሏት።